የዝናብ ደብተር ያዥዋ

ባለፈው ሐምሌ ወንድሜን ልጠይቅ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚኒባስ ስጓዝ፣ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ስልኩን እየነካካ የሳምንቱን የአየር ሁኔታ ያነብልን ጀመር። ማንም አልጠየቀውም። ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ የመኪናው ሬዲዮም ተበላሽቷል፣ ስለዚህ ሰው ዝም ብሎ ሰማው። «ሰኞ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ» ሲል፣ ከፊታችን ያሉ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አንዲት እናት ዞር ብለው «ሰኞማ የሐምሌ ሥላሴ ነው» አሉት። «ታዲያ?» አላቸው። «ታዲያማ፣ ማን ምን አጥፍቶ ነው ሥላሴ በረዶ የሚያወርዱት? እሱንስ ስልክህ ይነግርሃል?» ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፤ ልጁም አብሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ለሠላሳ ምናምን ዓመት ሒሳብና ሳይንስ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከማን ጋር እንደምወግን ሊጠየቅ የሚገባ ሰው አይደለሁም። ግን ይኸው ክርክር በልጅነቴ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ምስክሯ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ እስከ መሐል ሜዳ ድረስ በመስኮት እያየሁ እሱኑ ሳስብ ሄድኩ።

የተማርኩበት ትምህርት ቤት ከጓሳ ግርጌ ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ የመምህር ቤት፣ በድንጋይ ካብ የታጠረ አንድ የድንች እርሻ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ትምህርት ይቆማል፤ መጮህ ይቻላል፣ መሰማማት አይቻልም። ሰው ሁሉ «ሚሲዮን» ይለዋል። የሉተራን ሃይማኖት ሰዎች የከፈቱት መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ያን ጊዜ «ሉተራን» የሚለው ቃል የፈረንጁ ስም ይመስለኝ ነበር። ፈረንጁ በወር አንዴ በላንድሮቨር ይመጣል፤ የዱቄት ወተት በከረጢት፣ ጠመኔ በካርቶን ያወርዳል፣ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ይሄዳል። ሌላው ሥራ ሁሉ የመምህር ገመዳ ነበር። መምህር ገመዳ የወለጋ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ያንኑ ቡናማ ኮት የሚለብሱ፤ ብርዳችንን ሊለምዱት ስላልቻሉ ከኮቱ ሥር ሦስት ሹራብ ይደርባሉ። ጥቁር ሰሌዳውን የቀቡት ራሳቸው ናቸው፤ ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣውን ጥቁር ፈጭተው በቅጠል ጭማቂ ለውሰው። ዛሬ ልጆች ስለ ትምህርት ቤት ሲያወሩ የሚያነሡት ሌላ ሌላ ነው፤ እኔ ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ ጠዋት ያ ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ የሚሸተው ሽታ ነው።

ደብተር ያኔ አሥራ አምስት ሳንቲም ነው፤ እስክሪብቶ ሃያ አምስት፤ ኮንጎ ጫማ ብር ከሃምሳ፤ አንድ ጠቦት በግ በስድስት ብር ይሸጣል። ልብሳችን አቡጀዴ ነው፣ ከላዩ ባና እንደርባለን። ክፍል ስንገባ ባናውን በር አጠገብ እንቆልላለን፤ ጠል የነካው ሱፍ ሲሞቅ ክፍሉ የበግ በረት በረት ይላል። መምህር ገመዳ ግን አንድም ቀን አፍንጫቸውን ይዘው አያውቁም። መጀመሪያ ያስቸገራቸው ንባባችን ነበር። ከግማሽ በላይ የምንሆነው ፊደል የቆጠርነው ቄስ ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ ስናነብ እየተወዛወዝን፣ እያዜምን፣ ጎረቤት እስኪሰማ ነው። እሳቸው ደግሞ «በዝምታ ማንበብ» የሚባል ክፍለ ጊዜ አመጡ። አርባ ልጅ አፉን ዘግቶ መጽሐፍ ሲያይ ማየት ምንኛ ግራ እንደሚያጋባ! አንዱ እጁን አውጥቶ «የኔታ፣ ማንበቤን በምን ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። «አንተ ካወቅህ ይበቃል» አሉት። ይህን መልስ ማንም አልወደደውም። ለሳምንታት ከንፈራችንን ሳናንቀሳቅስ በአፍንጫችን እያንጎራጎርን አነበብን፤ ክፍሉ የንብ ቀፎ መሰለ።

ሹራብ መሥራትም ያስተምሩን ነበር፤ ወንዱንም ሴቱንም። መርፌው ከወይራ እንጨት ተስሎ የተሠራ ነው፣ ክሩ ከየቤታችን የመጣ የበግ ጠጉር። ሴቶቹ መፍተል ስለምናውቅ ተደሰትን፣ ወንዶቹ ግን አባቶቻቸው እንዳይሰሙ ሹራቡን ብብታቸው ሥር ደብቀው ነበር የሚሄዱት። የብዜት ሰንጠረዥን ደግሞ በዜማ ነው የተማርነው። ዜማው ከመዝሙራቸው የተወሰደ ሆኖ በእኛ ጉሮሮ ውስጥ ሲያልፍ የቤተ ክህነት ዜማ እየሆነ ይወጣ ነበር። አባቴ አንድ ቀን ቤት ውስጥ «ስድስት ጊዜ ስምንት» እያልኩ ሳዜም ሰምተው፣ ማዜሜን ሳይነቅፉ «እዚህ ላይ ድምፅሽን አጥፈሽ ውረጂ» ብለው አረሙኝ። እስከ ዛሬ አርባ ስምንት ጋ ስደርስ ድምፄ ራሱ ይታጠፋል።

አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። መሪጌታ ማለት የማኅሌቱ መሪ ነው፤ ዜማውን እሳቸው ያነሣሉ፣ ሌላው ይቀበላል። እንዲህ ያለ ሰው ልጁን፣ ያውም ሴት ልጁን፣ ሚሲዮን መላኩ በአካባቢው እንዴት እንደተወራ መገመት ይቻላል። ቅርቡ የመንግሥት ትምህርት ቤት መሐል ሜዳ ነው፤ በእግር ግማሽ ቀን። አባቴ ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ፊደሉ የእኛው ፊደል ነው» ይሉ ነበር፤ ከዚያ በላይ አይከራከሩም። ከመምህር ገመዳ ጋር ግን ቁጭ ብለው ተዋዋሉ። አንደኛ፣ ማተቤን ማንም አይነካም። ሁለተኛ፣ በጾም ወተት አልጠጣም። ሦስተኛ፣ በታቦት ቀን ልጆቹ መሬት አይቆፍሩም። መምህሩ ሦስቱንም እሺ አሉ፤ «የትኛው ቀን የማን ታቦት እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም» ብለው እውነቱን ተናገሩ። አባቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «የሺ ታውቃለች። በዓል ሲሆን አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ። ሰማሽ?» አሉኝ። ሰምቻለሁ። ሰው በሕይወቱ ከሚጣልበት አደራ ሁሉ ይህ ቀላሉ ነበር።

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ መምህር ገመዳ አንድ የዘይት ቆርቆሮ አፉን አስተካክለው ቆርጠው በድንች እርሻው መሐል በእንጨት ላይ አቆሙ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ይጠራቀምበታል፤ በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ልጅ በማስመሪያ ለክቶ ደብተር ላይ ይጽፋል። ፀሐይም ከሆነ ይጻፋል፣ ጉምም ከሆነ፣ በረዶም ከሆነ፤ ያን ቀን የተሠራ ሥራ ካለም ይጻፋል። ያቺ ልጅ እኔ ሆንኩ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ስለነበረ ነው፤ ለሳይንስ ካለኝ ፍቅር አልነበረም። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ «ያየሽውን ጻፊ። ያላየሽውን አትጻፊ።» እኔም እንደዚያው አደረግሁ፤ ቀኑን ግን በቁጥር አልጻፍኩም። በእኛ ዘንድ «ወሩ በገባ በአምስት» የሚል ሰው ማነው? አቦ ነው የሚባለው። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነው፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ነው። ስለዚህ «አቦ፣ ዝናብ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር» ብዬ እጽፋለሁ። መምህሩ መጀመሪያ ሲያዩት ሳቁ፤ ቀኑ እስከታወቀ ድረስ ግድ የለም አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ተጻፈ። እኔ ራሴ በኋላ መምህር ሆኜ የተማሪ ደብተር ሳርም፣ የማያሳስብ የሚመስል ነገር ሳይ እስክሪብቶዬን ያዝ የማደርገው ከዚያ የተነሣ ነው።

አምስተኛ ክፍል በገባሁበት ጥቅምት፣ አንድ ጠዋት መምህር ገመዳ ክፍል ገብተው «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አሉ። «አሥራ ሁለት!» ብለን በአንድ ድምፅ መለስን። «እንግዲያው ውርጭ ሳይመታው ድንቹን እናውጣ። ማረሻ ባይኖረን ዶማ አለን» አሉ። ለእሳቸው አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት ነው። እኛ ግን ሚካኤል መሆኑን አርባችንም እናውቃለን። አንዳችንም አልተነፈስንም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ድንች የቆፈረ ክፍል እዚያው በትልቅ ብረት ድስት ቀቅሎ በጨው ይበላል። በዚያ ላይ የዕለቱ ሌላ ትምህርት የክፍልፋይ ማካፈል ነበር። ልናገር ብዬ አፌን ከፍቼ እንደነበር አስታውሳለሁ። አጠገቤ የነበረው ልጅ በክርኑ ጎሸመኝ፤ ዘጋሁት። ከሰዓት በኋላ ደብተሬን አውጥቼ፣ የተነገረኝ ያየሽውን ጻፊ ስለሆነ፣ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ጥቅምት ሚካኤል። ፀሐይ። ድንች ቆፈርን፣ በጨው በላን።»

ከአራት ቀን በኋላ በኪዳነ ምሕረት በረዶው ወረደ። ያለ ወቅቱ፣ ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ሳለ። እንቁላል አከለ ብዬ አላጋንንም፤ ባቄላ ያክላል፣ ግን ሳያቋርጥ አንድ ሰዓት ያህል ወረደ። ሲቆም ምድሩ ነጭ ነው፤ ገብሱ በሙሉ ከጭቃው ጋር ተለውሶ መሬት ተኝቷል። ሴቶች እርሻው ዳር ቆመው ያለቅሱ ነበር። ከሁሉ የከፋ የደረሰበት የአያ ሽፈራው እርሻ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ካብ ጋር ይዋሰናል። አያ ሽፈራው ልጅ የሌላቸው፣ ከሰው ጋር ብዙ የማያወሩ ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ ደብሩን ወደሚያስተዳድሩት ገበዝ ቄስ ሄደው፣ «የሚሲዮን ልጆች በሚካኤል ዕለት መሬት ሲቆፍሩ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። ነገሩ ከዚያ ወዲያ ማንም የማይመልሰው ሆነ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ጥዱ ሥር ተሰበሰበ። ሊወሰን የታሰበው ከወዲሁ ይታወቅ ነበር፤ ልጁን ሚሲዮን የሚልክ የንስሐ አባት አይኑረው፣ ሲሞትም ፍትሐት አይደረግለት። እንዲህ ከተባለ አንድም ልጅ እዚያ ደጅ እንደማይደርስ ግልጽ ነው። የእኔ ደግሞ የተለየ ነበር። ከራቤል በኩል አንድ ቤተሰብ ለልጃቸው ጠይቀውኝ፣ አባቴ «ትማር» ብለው መልሰዋቸው ነበር። ቅዳሜ ማታ እናቴ ጋን እያጠበች፣ «ትምህርቱ ከቀረ እንግዲህ በጥር ነው» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም፤ የሚሆነውን ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። ልጁን አንድ ጊዜ ገበያ አይቼዋለሁ፤ ፊቱ እንኳን ትዝ አይለኝም፣ በቅሎው ነው ትዝ የምትለኝ።

መምህር ገመዳ ተነሥተው ይናገሩ ዘንድ ፈቃድ ጠየቁ። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «አባቶቼ፣ እኛ ሁለት ዓመት በየቀኑ ዝናቡን ስንጽፍ ቆይተናል» አሉ። «በረዶ የወረደበት ቀን በሙሉ ተጽፏል። ቢነበብ፣ በረዶ በዓል ሲሻር ብቻ የሚወርድ እንዳልሆነ ይታያል። ጸሐፊዋም የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ታንብብላችሁ።» ገበዙ አባቴን አዩ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሣሁ፤ አባቴ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ደብተሩን ገልጬ በረዶ የተጻፈበትን ብቻ እየመረጥኩ ማንበብ ጀመርኩ።

«ሐምሌ፣ አቦ፣ በረዶ። ሐምሌ፣ ቂርቆስ፣ በረዶ። ሐምሌ፣ ገብርኤል፣ በረዶ።»

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሰዉ መንጫጫት ጀመረ። እኔም በዚያች ደቂቃ የጻፍኩት ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። መምህሩ የጠበቁት አምስት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ዘጠኝ የሚል ነው፤ የተሰማው ግን የታቦት ስም ዝርዝር ነው። ማቆም አልችልም፣ ቀጠልኩ። «ነሐሴ፣ ልደታ፣ በረዶ። ነሐሴ፣ ታዴዎስ፣ በረዶ። ነሐሴ፣ ጊዮርጊስ፣ በረዶ። ነሐሴ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ በረዶ።»

«ኧረ ጉድ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። «ያላስቆጡት ታቦት የለማ!»

«ጊዮርጊስንም?» አለች አንዷ ደረቷን እየመታች።

መምህር ገመዳ ቆባቸውን በእጃቸው እያዞሩ መሬት መሬት ያያሉ። እጅግ አሳዘኑኝ። እንዲህ ያለ ሞኝነት ሊሠራ የሚችለው እኛ አገር ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሳይንስ ብለን የከሳሽ ማስረጃ ስናጠራቅም ኖርን። በዚህ መሐል አባቴ ከኋላዬ፣ ማኅሌት እንደሚመሩበት ባለ ድምፅ፣ «አሁን ደግሞ በረዶ ያልወረደበትን አንብቢ» አሉኝ።

አነበብኩ። አቦ፣ ፀሐይ። ቂርቆስ፣ ደህና ዝናብ። ገብርኤል፣ ፀሐይ። ልደታ፣ ጉም። ጊዮርጊስ፣ ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ ደህና ዝናብ፣ ፀሐይ። እያነበብኩ ስሄድ ጫጫታው ቀስ በቀስ ወረደ። አባቴ አቋረጡኝና፣ «እንግዲህ ስሙ» አሉ። «ታቦት የሌለው ቀን የለም። በረዶውም በእነሱ ቀን ወረደ፣ ፀሐዩም በእነሱ ቀን ወጣ። በታዴዎስ ዕለት በረዶ ወርዷል፤ በታዴዎስ ዕለት ከመካከላችን ያላረሰ ማነው?» አንዲት እማሆይ ከዳር ሆነው ሳቁ። ከዚያ ሌላውም ሳቀ። ነገሩ እንደተገለበጠ በሰዉ ፊት ላይ አየሁት።

ገበዙ ቄስ ግን አልሳቁም። ሞኝ ሰው አልነበሩም። እጃቸውን አንሥተው ዝም አስባሉና፣ «ይሁን» አሉ። «የፊተኛውን ለእግዜር እንተወው። እኔ የምጠይቀው አንዲት ነገር ነው። አያ ሽፈራው በጥቅምት ሚካኤል ልጆቹ ሲቆፍሩ አየሁ ብለዋል። ይቺ ደብተር የተሠራውን ሁሉ ትጽፋለች ከተባለ፣ ልጅቷ ያንን ቀን ታንብብልን። ቆፍረው ከሆነ ውል አፍርሰዋል፤ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ። ካልቆፈሩ ይቀጥል።»

ገለጥኩት። «ጥቅምት ሚካኤል» አልኩ። «ፀሐይ።»

ከዚያ በታች ያለውን መስመር አየሁት። በቆንጆ ጽሕፈት ነው የተጻፈው። የማስበው ስለ ትምህርት ቤቱ አልነበረም፣ ስለ መምህሩም አልነበረም፤ ስለ ራሴ ነበር። ስለ ጥር ነበር።

«ሌላ የለም?» አሉ ገበዙ።

«የለም» አልኩና ደብተሩን ዘጋሁት።

አርባ ልጅ ድንች በልቶ አንድም አፍ አልተከፈተም። መምህር ገመዳ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ አፋቸውም ተከፍቶ ነበር። ግን አባቴ ቀደሟቸው። «አንብባለች» አሉ። ማንበብ የሕይወት ሥራቸው የሆነ፣ ከትከሻዬ በላይ ቆመው ገጹን የሚያዩ ሰው፣ «አንብባለች» አሉ። መምህሩ ተመልሰው ተቀመጡ። ሁሉም ወደ አያ ሽፈራው ዞረ። አያ ሽፈራው ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ «በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ እንደገና፣ ግን ዝግ ብለው። አንዱ «ዓይን ያረጃል፣ አያ» አላቸው። ሰዉ ሳቀ። ትምህርት ቤቱም ቀጠለ።

በማግስቱ ማስመሪያውን ለመውሰድ ስሄድ መምህር ገመዳ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ደብተሩን ተፈራ ይይዛል» አሉ፤ የክፍላችን ልጅ ነው። ምክንያቱን አልጠየቅሁም፤ እሳቸው ግን ተናገሩ። «የምንጽፈው ለጠየቀን ሰው እንድናነብለት ነው። እኔም ትናንት ቆሜ ተቀምጫለሁ፤ ከአንቺ አልሻልም። ሰኔ ላይ ሌላ መምህር ይመጣላችኋል።» እንዳሉት ሰኔ ላይ ሄዱ። ወዴት እንደሄዱ አላውቅም። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ሚሲዮኑም ሄደ፣ ትምህርት ቤቱን ቀበሌው ወሰደው። አሁን ብሎኬት ነው፤ አሥራ አራት ክፍል አለው፣ የተማሪው ብዛት ሌላ ነው። የድንቹ እርሻ የነበረው ቦታ ሱቅ ተሠርቶበታል፤ ባለፈው ሐምሌ የስልክ ካርድ ከዚያ ገዝቻለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ በአገሩ አንድ አባባል ተፈጠረ። ሰው የማይመስል ነገር አየሁ ሲል፣ «በአያ ሽፈራው ዓይን ነው ያየኸው?» ይባላል። ገበያ ላይ ተባለ፣ ሠርግ ላይ ተባለ፣ ልጆች ሲጫወቱ ተባለ። ሽማግሌ ሲዳኝ ይቀመጡ የነበሩት ሰው ከዚያ ወዲያ ለዳኝነት አልተጠሩም። እኔ በየቀኑ በደጃቸው ነው የማልፈው። ሁልጊዜ ካቡ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ «ተማሪ የሺ! ስንተኛ ደረስሽ?» ይሉኛል። «አምስተኛ፣ አያ።» «ጎሽ።» በሚቀጥለው ዓመትም ይጠይቃሉ፤ «ስድስተኛ፣ አያ።» «ጎሽ፣ ግፊበት።» ቶሎ ቶሎ እራመዳለሁ። እንዳረጁና እንደዘነጉት አድርጌ ነበር የማስበው፤ ለእኔ የሚበጀኝ ይኸው ነበር። የእሳቸውን ስም መቀለጃ ሲያደርጉት በሰማሁ ቁጥር አፍሬያለሁ፤ አንድም ቀን ግን አፌን አልከፈትኩም።

አባቴም ስለዚያ እሑድ አንዲት ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ያን ዓመት ጉሮሯቸውን አሟቸው ማኅሌት አልቆሙም፤ ለገናም፣ ለጥምቀትም፣ ለደብሩ ንግሥም ሌላ ሰው መራ። ከቅኔ ማኅሌቱ ውጪ፣ ከሕዝቡ ጋር ቆመው ያስቀድሳሉ። እናቴ ማር በጤና አዳም ታፈላላቸው ነበር፤ ሲጠጡት አላየሁም። ዓመቱ ሲሞላ ድምፃቸው ተመለሰ፤ እንዲያውም ጠራ። እኔ ሰባተኛን መሐል ሜዳ ገባሁ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ከዚያ ሥራ። ደመወዝ ሳገኝ ለአባቴ ካፖርት ገዛሁላቸው፤ ለአያ ሽፈራውም አንድ ቡሉኮ ላክሁ፣ ለምን እንደሆነ ለራሴም ሳልነግር። ከዚያ አያ ሽፈራው ሞቱ፤ ከአራት ዓመት በኋላ አባቴ ሞቱ።

ለአባቴ ተዝካር አገር ቤት ገብቼ፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ ከእናቴ ጋር ደጅ ላይ ቁጭ ብለን ባቄላ እየፈለፈልን ነበር። ዝም ማለት ከብዶኝ ነው መሰለኝ፣ በሃያ ምናምን ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩት። «እማ፣ ያኔ የበረዶው ዓመት፣ እኔ እኮ ዋሽቼ ነው።»

እናቴ እጇን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለች። «ጉሮሯቸውን አሟቸው መሰለሽ እንዴ ያን ዓመት ያልቆሙት? ለንስሐ አባታቸው ተናግረው ቀኖና ተቀብለው ነው። ምን ብለው ተናዘዙ ብላቸው፣ ‘በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዋሸሁ አልኩ’ አሉኝ። ያንቺን ስም አላነሡም።»

«አያ ሽፈራውስ?» አልኳት። «እሳቸውንስ ሰው መሳቂያ ሲያደርጋቸው?»

«እዚያማ በዚያው ሳምንት ሄደዋል፤ አብሬያቸው ሄጃለሁ። አባትሽ እግራቸው ላይ ወድቀው፣ ‘ያየኸው እውነት ነው፣ ነገ አደባባይ ቆሜ እናገርልሃለሁ’ አሏቸው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አያ ሽፈራው ናቸዋ የከለከሏቸው» አለች እናቴ፣ ፍሬውን ወደ ሰፌዱ እየጣለች። «‘ተው፣ መሪጌታ’ አሏቸው። ‘ከተናገርህ ልጅቷን ያስቀሯታል። እኔ እንደሆነ አርጅቻለሁ፣ ዓይኔ ደከመ ቢሉኝ ማንም አይገረምም። እሷ ትማር።’»